ከኢንተርኔቱ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ መርዶ

ዶሮ ልትገዙ ገበያ ወጥታችሁ ሻጩ «ዶሮዋን ብቻዋን አልሸጥም፤ አማቴን ጨምራችሁ ውሰዱ» ብሏችሁ ያውቃል? እኔን ብሎኛል። ዶሮዋ ኢንተርኔት ናት፤ አማትየዋ ደግሞ የመስመር ስልክ። ዶሮዋ አንድ እንቁላል ሳትጥል ስታለከልክ ከረመች፤ አማትየዋ ግን ቤቴን ከረገጠችበት ሰዓት ጀምሮ አፏን ገጥማ አታውቅም። ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ ግን እስካሁን አልገባኝም። እናንተ ከገባችሁ ንገሩኝ። ስልክ ግን አትደውሉልኝ።

በቦንጋ ከተማ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። አትሳቁ። ሆዴን ያየ ሁሉ ይስቃል። ስፖርት የማስተምረው በቃል ነው፤ እኔ ዛፍ ሥር ተጠልዬ «ሩጡ!» እላለሁ፣ ተማሪዎቹ በዝናብ ይሮጣሉ፤ ሙያው ይኸው ነው። በከተማው የምታወቀው ግን በስፖርቱ ሳይሆን በቀልዴ ነው። ቦንጋ ውስጥ የአንድ ሰው ባርኔጣ የሌላ ሰው በቅሎ ራስ ላይ ከተገኘ ፖሊስ ሳይቀር «መምህሩ የት ነበር?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ኋላ ላይ ለወረደብኝ መዓት ዋናው ሰበብ ይኸው ስሜ ስለሆነ ነው።

ልጄ ማርታ በደን ሳይንስ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ሁለተኛ ክረምቷን ይዛለች። በዚያ ዘመን ተመርቆ ሥራ ላጣ ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት ነበር፤ ኮብልስቶን። ሒሳብ ያጠናም ኮብልስቶን፣ ሕግ ያጠናም ኮብልስቶን፣ ታሪክ ያጠናማ ታሪኩን ድንጋዩ ላይ ይቅረጸው። ማርታም ከጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ መዶሻ የምትረከብበትን ቀን ትጠብቅ ነበር። እናቷ ወርቅነሽ መዶሻ የሚለውን ቃል በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ታደርጋለች።

«ስለ ዛፍ ያስተማሯት ድንጋይ ልትፈልጥ ነው?» ትለኛለች፤ ሥርዓተ ትምህርቱን የቀረጽኩት እኔ ይመስል።

እንዲህ ስንቆዝም ነው ስለ ጫካ ቡና የሚያጠና አንድ ድርጅት የደን ባለሙያ የፈለገው። ማርታ አመለከተች፤ ለቃለ መጠይቅም ተመረጠች። ጠያቂዎቹ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ባሕር ማዶ ናቸውና ጥያቄው በኢንተርኔት ነው፤ በስክሪን እየተያዩ። ቀኑም ተቆረጠ። ከወር በኋላ፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ያን ዕለት ኢንተርኔት ካለ ማርታ ወደ ጫካው፤ ከሌለ ወደ ድንጋዩ። የቤታችን ጉዳይ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ግልጽ የነበረው የመጨረሻ ነገርም እሱ ነው።

«ኢንተርኔት ካፌ አልነበረም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። ከአንድ ቁም ሳጥን ጥቂት ሰፋ የሚል ክፍል ነው። አንዱ ዘፈን ያስጭናል፣ አንዱ ፎቶ ያሳጥባል፣ አንዱ ባለቤቱን ይሳደባል። ማርታ እዚያ ተቀምጣ ስለ ብዝኃ ሕይወት ስታስረዳ ፈረንጆቹ የሚያዩት ከትከሻዋ በላይ ካልሲ የሚሸጠውን ሰውዬ ነው። ስለዚህ በአባትነት ወግ ደረቴን ነፍቼ፣ «ኢንተርኔት እቤታችን ድረስ ይመጣል!» ብዬ አወጅኩ። ሆዴም አብሮ ተነፋ።

ኢንተርኔት የሚያስገባው ቢሮ ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ሰብለ የምትባል ትሑት ልጅ ተቀምጣለች። ትሕትናዋ ነው የጨረሰኝ፤ ብትቆጣኝ ኖሮ ተናድጄ እገላገል ነበር።

«ኢንተርኔት ፈልጌ ነበር፣ እህቴ።»

«በደስታ። ለቤት ፓኬጅ አለን።»

«ስንት ዓይነት ነው?»

«አንድ ዓይነት።»

«ከአንዱ ነው የምመርጠው?»

«አዎ ጋሼ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው።»

ግራ ገባኝ። ግራ መጋባቴን በጨዋነት ዋጥኩና በጥቅሉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ጠየቅኋት። ኢንተርኔቱ አለ፣ ሞደም የሚባለው ማሽን አለ፣ የመስመር ስልክ አለ፣ የደዋዩን ቁጥር የሚያሳይ አገልግሎትም አለ።

«ቁጥሩን የሚያሳየው ምኑ ላይ ነው?» አልኳት።

«ማሳያ ያለው ስልክ ሲገዙ እሱ ላይ።»

«ከጥቅሉ ጋር የምትሰጡኝስ ስልክ?»

«እሱ ማሳያ የለውም።»

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ስልኩን ተዉት፤ ቁጥር ማሳያውንም ተዉት። የእነሱን ዋጋ ቀንሳችሁ ኢንተርኔቱን ብቻ ስጡኝ።»

«ስልኩ እኮ በነጻ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው በነጻ ይቅርብኝ።»

«እሱማ ከቀረ ኢንተርኔቱ ይወደዳል።»

«የማልፈልገውን ነገር ስተው ነው የሚወደደው?»

ሰብለ በእውነተኛ ሐዘኔታ አየችኝና «ሲስተሙ እንደዚያ ነው» አለች።

ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ስኳር በጠፋ ጊዜ የሰፈራችን ባለሱቅ ሳሙና ላልገዛው ስኳር አይሸጥም ነበር፤ ቤታችን ሳሙና ተከምሮ ሻያችንን መራራ የጠጣንበት ወቅት ነበር። ኮረሪማ ሻጯም እንዲሁ ናት፤ ጥሩዋን ከፈለጋችሁ የነቀዘችውን አብራችሁ ታነሳላችሁ። ግን የነቀዘችው ኮረሪማ ቢያንስ አትጮህም! ለማንኛውም ምርጫዬን መረጥኩ። የድልብ በግ ዋጋ ከፈልኩና ደረሰኜን ይዤ ወጣሁ። ወርቅነሽ «ምን ምን አሉህ?» ስትለኝ «ብዙ ነገር በነጻ ሰጡኝ» አልኳት። እንደዚህም ብዬ ግራ ገባኝ።

ቴክኒሻኑ በዝናብ መጣ፤ ቦንጋ ውስጥ በሌላ በምን ይመጣል? ምሰሶው ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገባ፣ ጥቁር ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ሞደሙም ዓይኑን ያርገበግብ ጀመር። ማርታ ኮምፒዩተሯን ከፍታ አንድ ዛፍ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ሲመጣ አሳየችን። ግንዱ ጋ ከመድረሱ በፊት አጨበጨብን።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ቴክኒሻኑ እጁን እየጠራረገ። «ስልኩንና ኢንተርኔቱን የምትለይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ስፕሊተር ትባላለች። እሷ እስክትገባ ሁለቱ እንደ ጣውንት ናቸው። ስልኩ ሲጮህ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል።»

«በጥቅሉ ውስጥ አለች?»

«አለች። ግን የለችም። ስቶክ አልቋል።»

«ስልኩን ከነአካቴው ብነቅለውስ?»

«መስመሩ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው፤ አብሮ ይጠፋል።»

«መነጋገሪያውን አንስቼ ባስቀምጠውስ?»

«ያው ነው። እንዳይደወል ማድረግ ነው እንግዲህ» አለ ቀለል አድርጎ። «ቁጥሩን ማን ያውቀዋል ብለው ነው?»

ቁጥሩን አገሩ በሙሉ ያውቀው ነበር። ቁጥሩ ተመላሽ ነው። ከእኔ በፊት የያዙት ጋሽ ታደሰ፣ የሰፈራችን እድር ዳኛ ሆነው ስንት ዘመን ያገለገሉ ሰው፣ ወደ ልጆቻቸው ጅማ ሄደዋል። ከሺሺንዳ እስከ ቢታ ገነት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደካ ድረስ ሰው ሲሞት «ቦንጋ ላሉት ዘመዶች ይነገርልን» እየተባለ የሚደወለው በዚህ ቁጥር ነው። በሱቅ በር ላይ በከሰል የጻፉት አሉ። ጋሽ ታደሰ ሲሄዱ ቁጥሩን ለመንግሥት፣ ሟቾቹን ለእኔ አወረሱ።

ቴክኒሻኑ ከአጥሩ ሳይወጣ ስልኩ ጮኸ። ዛፉ ግንዱ ላይ ሲደርስ ቀረ።

«ሃሎ! ጋሽ ታደሰ?» አለ ከሺሺንዳ የሚመጣ የሰውዬ ድምፅ።

«እኔ ጋሽ ታደሰ አይደለሁም፤ እሳቸው…»

«እሺ ይሁን፣ አንተ ንገርልን። የእትዬ አበበች ወንድም አረፈ። ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ቶሎ ንገራት በል። እግዜር ይስጥህ!» ዘጋው።

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። እንግዲህ መርዶን ታውቁታላችሁ፤ ይዛችሁት ካደራችሁ ኃጢአት ነው፣ ያለ ወጉ ከተናገራችሁትም ኃጢአት ነው። እትዬ አበበች ደግሞ ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ ጠጅ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው። ሄድኩ። በቀን ብርሃን፣ ብቻዬን፣ ቱታ ለብሼ፣ አንገቴ ላይ ፊሽካ አንጠልጥዬ።

ገና በሩ ላይ ሳለሁ አዩኝና ሳቁ። «ዛሬ ደግሞ ምን ጉድ ይዘህ መጣህ?»

«እትዬ አበበች፣ እባክዎ ይቀመጡ።»

«ልቀመጥ? ምኑ ላይ? ወንበሩ ላይ ምን አድርገህበት ነው?» ጠጪው ሁሉ ሳቀ።

«ስለ ወንድምዎ ነው…»

«ምነው፣ ሌላ ሚስት አገባ?»

«የለም። ሞተ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ! አንዱ ብርሌውን እስኪያፈስ ድረስ ሳቀ፤ «ይህ ሰው ይገድለናል!» አለ። እትዬ አበበች እንባቸውን እየጠረጉ ትከሻዬን መቱኝ። እኔ አለቀስኩ። ማልቀሴን አይተው ይበልጥ ሳቁ። በመጨረሻ ሮጬ ጋሽ አድማሱን ጠራሁ። ጋሽ አድማሱ አጥር ለአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናቸው፤ ከጋሽ ታደሰ ወዲህ የእድሩ ዳኛም እሳቸው ናቸው። እሳቸው በሩ ላይ ሲቆሙ ሳቁ በአንዴ ጸጥ አለ። እትዬ አበበች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ያን ጩኸት እስካሁን አልረሳውም።

ማታ ጋሽ አድማሱ አስቀምጠው ተቆጡኝ። «መርዶ የኳስ ውጤት ነው እንዴ ሮጠህ የምትለቀው? ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ከእንግዲህ ሲደወል ለእኔ ንገረኝ። አንተም አብረህ ትሄዳለህ።»

«እኔ ለምን?»

«ወሬውን በጆሮው የሰማ አንተ ነህ። ‹ከማን ሰማችሁ?› ሲሉን ማንን እናሳይ?»

እንዲህ ሆኜ ኢንተርኔት ላስገባ ወጥቼ መርዶ ነጋሪ ሆንኩ። ዝናቡ ሰው ይጨርስ ነበር መሰል፣ ስልኩ ጋብ አላለም። ሌሊት ልብሴን ሳልቀይር ጋቢ ደርቤ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ እጎተታለሁ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ «ሩጡ!» እላለሁ።

ቀስ በቀስ ከተማው እኔን ሲያይ መሮጥ ጀመረ። ወንፊት ልዋስ ጎረቤት ብገባ የቤቱ እመቤት «ወየው ልጄን!» ብላ ተዘረረች። ጸጉር አስተካካዩ ፊቴን መስታወት ውስጥ ሲያይ መቀሱን ጣለ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፈቃድ ልጠይቅ ስገባ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ንገረኝ፤ እችለዋለሁ» አሉ። ከሁሉም የከፋው ቀልዴ ነው። አንድ ቀን የሻይ ሰዓት ላይ እንደ ድሮዬ «አንድ ሰውዬ ነበረ…» ብዬ ጀመርኩ። የኬሚስትሪ አስተማሪው ደረቱን ይዞ፣ «የትኛው ሰውዬ? የየት አገር? ስሙን ቶሎ ንገረኝ!» አለ። ጨዋታዬ እዚያው ተቀበረ። ሰው እንዴት በአንድ ሽቦ ሁለት ነገር አስገብቶ ያለውን አንድ ሙያ ያጣል?

ሰብለ ዘንድ ተመለስኩ። «እህቴ፣ ቁጥሩን ቀይሩልኝ።»

«ቁጥሩም የጥቅሉ አካል ነው ጋሼ። ለመቀየር ጥቅሉ ይሰረዝና እንደ አዲስ ተራ ይያዛል።»

«ተራው መቼ ይደርሳል?»

«መስመር ሲለቀቅ።»

«መስመር መቼ ይለቀቃል?»

«ሰው ሲተው።»

እኔ ልተው ነው የመጣሁት፤ ግን የተውኩትን ለመያዝ ሌላ ሰው እስኪተው መጠበቅ አለብኝ፤ ሐሙስ ደግሞ ቀርቧል። «ቢያንስ ያቺን ትንሽ ሳጥን?» አልኳት። «በጥቅሉ ውስጥ አለችልዎት» አለችኝ በደስታ። ቅሬታ ካለኝ በሩ አጠገብ ሳጥን እንዳለም ጠቆመችኝ። ሳጥኑን አየሁት፤ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጅማ ነው። ከጋሽ ታደሰ ጋር ሳይሄድ አልቀረም።

ሐሙስ ሲቃረብ ማርታ እህል መቅመስ ተወች። ጥያቄና መልስ ስታጠና ትውላለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የኮምፒዩተሩን ክዳን ቀስ ብላ ዘግታ ግድግዳ ታያለች። ባትናገርም ገባኝ። ስለዚህ በቦንጋ ታሪክ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ እድሩ ስብሰባ ላይ ቆምኩ።

«ወገኖቼ፣ ሐሙስ ጠዋት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ማንም ሰው እንዳይሞት እለምናለሁ።»

ጋሽ አድማሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ለሞት ፕሮግራም አይያዝለትም።»

«እንግዲያው ይሙት፤ ግን አይደወል!»

አንድ ሽማግሌ ከኋላ «እሱማ ልክ ነው» አሉ። «ሬሳ አይቸኩልም። ከምሳ በኋላ ቢደወል ምን ይጎድላል? ልጅቷ እኮ የሁላችንም ልጅ ናት፤ ድንጋይ ትፍለጥ ነው የምትሉት?»

ተስማሙ። ለአውቶቡስ ሾፌሮቹ መልእክት ተሰጠ፤ በየመናኸሪያው እንዲናገሩ፦ ሐሙስ ጠዋት ወደ ቦንጋ፣ በዚያ ቁጥር፣ ማንም እንዳይደውል። ያን ማታ ወርቅነሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች። እኔም ራሴን እንደ ታላቅ አስተዳዳሪ ቆጠርኩት።

ሐሙስ ሆነ። ማርታ የእናቷን ቀይ ሻርፕ ደርባ ተቀመጠች። ጋሽ አድማሱ ስልኩን ሊጠብቁ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ የታመመ ሰው የሚያስታምሙ ይመስላሉ። ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ላይ የአንዲት ሴትዮ ፊትና የአንድ ፈረንጅ ግማሽ ግንባር ብቅ አለ። ማርታ «እንደምን አደራችሁ» አለች። ሴትዮዋ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» አለቻት። ማርታ አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ።

ግንባሩ ጠፋ። ሴትዮዋም ጠፋች።

አነሳሁት። «ሃሎ! ቢታ ገነት ነው! ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም!»

«አትደብቁን! እናውቃለን!» አለና አለቀሰ።

ዘጋሁት። ኢንተርኔቱ እያቃሰተ ተመለሰ፤ ማርታ «ይቅርታ» ብላ ጀመረች፤ ስልኩ ጮኸ። ሺሺንዳ ነው። «ቦንጋ ምን ሆነ? ስልክ የተከለከለው ለምንድን ነው?» ዘጋሁት። ጮኸ። ከደካ ነው፤ አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ ነው አይደል? እዚያ አስተማሪ የሆነው ልጄ ነው? በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ንገረኝ!»

ያኔ ገባኝ፤ ምናልባት በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። በእኛ አገር ለሰው «እንዳትደውል» ሲባል የሚሰማው «የምንደብቅህ መርዶ አለ» ተብሎ ነው። መልእክቱ መንገድ በረዘመ ቁጥር ሟቹም እየገዘፈ ሄዷል። አገሩ በሙሉ ስልክ ይዞ ተሰልፎ ሟቹን ከእኔ ይጠይቃል። ማርታ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ወርቅነሽ ጓዳ ገብታ ትጸልይ ይሁን ትሳደብ አላውቅም፤ ስሜን ግን ሰምቻለሁ። ጋሽ አድማሱ «እኔ ላንሳው፣ እኔ ላንሳው» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

እንደገና ጮኸ። በዚህ ጊዜ ሃሎ እስኪባል አልጠበቅሁም። በስፖርት ሜዳ ድምፄ፣ «ማንም አልሞተም! ሰው ሁሉ አለ! ቦንጋ በሙሉ በሕይወት አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ከወዲያ የሴት ድምፅ መጣ። «ደስ ይላል። ኢንተርኔታችሁ ግን የሞተ ይመስለኛል። ማርታን ማግኘት እችላለሁ? ሞባይሏን ሞክሬ አልሠራ ስላለኝ በተጠባባቂ በሰጠችን በዚህኛው ቁጥር ደወልኩ።»

መነጋገሪያውን እንደ ታቦት በሁለት እጄ ይዤ ለማርታ ሰጠኋት። ሴትዮዋ በዚያው በስልኩ መጠየቅ ጀመረች፤ ፈረንጁም ከጎኗ ሆኖ ይጨምራል። መስመሩ ስለተያዘ ቢታ ገነትም ደካም መግባት አልቻሉም። ማርታ መጀመሪያ ቃላቱን እየፈለገች ተናገረች፤ ኋላ ግን ስለ ጫካው፣ ስለ ጥላ ዛፎቹ፣ ቡናው ሥር ስለሚበቅለው ኮረሪማ፣ ቀፎ ስለሚሰቅሉት ሰዎች ስታወራ ድምጿ ተስተካከለ፤ ዓይኗ በራ። እኔ ግማሹን አልገባኝም። ጋሽ አድማሱ ግን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው በየመልሱ «እውነቷን ነው፣ እውነቷን ነው» እያሉ በሹክሹክታ ይመሰክራሉ። ዘግታ ስትነሳ «እንዴት ነበር?» አልናት።

«እንጃ። መጨረሻ ላይ ‹አባትሽ ደህና ናቸው?› አሉኝ» አለች።

መልሱን መጠበቅ ሆነ። እኔ ግን ስልኩን ከዚህ በላይ አልችልም አልኩ። ከጋሽ አድማሱ ጋር ተማከርን። ጥቅሉን ቢሮው ካልፈታው አጥራችን ይፍታው! ሽቦ ገዝተን፣ በአጥሩ ላይ አሳልፈን፣ ጥቁሩን ስልክ ጋሽ አድማሱ ሳሎን አስገባነው። ሞደሙ እኔ ቤት፣ ስልኩ እሳቸው ቤት። አማትየዋ ተዳረች! እንዲህ ዓይነት ሥራ ይፈቀድ አይፈቀድ ሰብለን አልጠየቅኋትም፤ ምርጫው የእኔ ነው ብላኝ የለ። የስልኩ ጩኸት ከቤታችን ወጣ። ኢንተርኔቱ ግን ጋሽ አድማሱ ቤት በተደወለ ቁጥር መቋረጡን አልተወም።

በአንዱ ቀን ወደ ማምሻው ላይ ማርታ የምታነበው ገጽ ቀጥ አለ። ጎረቤት ስልክ ይጮሃል ማለት ነው። ወርቅነሽ «ነፍስ ይማር» ብላ አማተበች። ራታችንን በላንና ተኛን።

ጎህ ሊቀድ ሲል በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። ጋሽ አድማሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ይህን አቋም አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ በስንቱ በር ላይ ቆሜዋለሁ። ከዚህኛው ወገን ሆኜ ግን አይቼው አላውቅም።

ወርቅነሽ ከኋላዬ መጣች። «ማን ነው? ጋሽ አድማሱ፣ ማን ነው? እናቴ ናት? እህቴ ናት?»

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት።

ከዚህ በኋላ የምትቀመጥ ሴት የለችም። ወርቅነሽ ጩኸቷን ለቀቀችው። ቦንጋ ከእነ ኮረብታዋ ነቃች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የዘመዶቼን ስም በሆዴ እቆጥራለሁ። ማርታ ከመኝታ ክፍል በባዶ እግሯ ወጣች።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ አድማሱ ቀስ ብለው፣ ወጉን ሳያጓድሉ፣ «ሁሉ ነገር በእግዜር እጅ ነው። ሰው ያቅዳል፣ እሱ ይፈጽማል። ትናንት ማምሻውን ተደውሎ ነበር። ልጃችሁ ማርታ…»

ማርታ በድንጋጤ የገዛ ደረቷን ዳሰሰች።

«…ሥራውን አግኝታለች።»

ወርቅነሽ ልጇ አንገት ላይ ተጠምጥማ አዲስ ለቅሶ ጀመረች፤ ከድሮው ለቅሶ ጋር ስለተያያዘ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ማርታም አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ጎረቤቱ የእኛን ለቅሶ ሰምቶ እያለቀሰ ገባ። የእድሩ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ደረሱ፤ ተሳስታችኋል ብንላቸው «አንዴ ከወጣ ሳይተከል አይመለስም» ብለው ተከሉት። እትዬ አበበች ጠጅ አስጭነው መጡ። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና «አሁንስ ልሳቅ?» አሉኝ።

«ቆይ ግን» አልኳቸው ጋሽ አድማሱን እንባዬን እየጠረግሁ፣ «ማታ የሰማችሁትን ደስታ ጎህ እስኪቀድ ይዛችሁ ያደራችሁት ለምንድን ነው?»

ተቆጡ። «ይህን የሚያህል ነገር በማታ ይነገራል? ልጅቷ እንቅልፍ ትጣ ነው የምትለው?»

ማርታ እንባና ሳቋ ተደባልቆ፣ «ጋሽ አድማሱ፣ ደመወዙ ስንት ነው አሉ? ቦታውስ የት ነው?» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እሱን አልጠየቅንም» አሉ ጋሽ አድማሱ። «እኛ የደወለችውን ሴትዮ የጠየቅናት በዚያ ስልክ ሁልጊዜ የምንጠይቀውን ነው። ‹ቀብሩ መቼ ነው?› አልናት። እሷም ‹ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገኝ› አለችን።»